ሁለት ድስት ያለው ቤት

በወሎ ምድር፣ ደሴም ይሁን ሐይቅ፣ ኮምቦልቻም ይሁን ወረኢሉ፣ ሰርግ ሊደግስ የተነሣ ቤተሰብ ስንት በሬ እንደሚጥል ከመወሰኑ በፊት አንድ ነገር ይመክራል፤ ማን ይረድ? ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን ሰንጋ ወይም ሙክት ከነሕይወቱ ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል። ጎረቤትየው ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ቆዳው ሲገፈፍ፣ ሥጋው ሲዘለዘል፣ ወጡ ሲወጠወጥ የሙስሊም እጅ አይለየውም። ቢላዋውም፣ ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ ድንኳኑም ለብቻ ነው። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆን ተራው ይገለበጣል፤ ክርስቲያኑ ጎረቤት በስመ አብ ብሎ አርዶ የክርስቲያኑን እንግዳ ያስተናግዳል። ከሁለቱ ድንኳኖች የሚወጣው ዘፈንና እልልታ ግን አንድ ላይ ነው፤ ሙሽሮቹም በሁለቱም ድንኳን ይዞራሉ።

ይህን ልማድ ከሩቅ የሚያይ ሰው፣ እንዲህ የሚዋደዱ ሰዎች ከአንድ ድስት ቢበሉ ምን ነበረበት ይል ይሆናል። ጥያቄው የመጣው ከቅን ልብ ነው፤ ግን የነገሩ ሥር ይስተዋል። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሥጋ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ይህ ለሁለቱም የእምነት ጉዳይ ነው፤ ለጨዋታ ተብሎ አይጣስም። ወሎዬ ያደረገው፣ ድንበሩን ባለበት ትቶ ለጎረቤቱ የሚበቃ ሁለተኛ ድስት ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛ ድስት ማዘጋጀት ወጪ አለው፤ ድካም አለው፤ የሌላውን ሰው ሃይማኖት በደንብ ማወቅንም ይጠይቃል። ቤተሰቦች እምነታቸውን ሳይሸራርፉ ተቀራርበው የኖሩት ይህን ሥራ ከልብ ስለሠሩ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ሥራ፣ ስለ ሠሪዎቹና አሁን ስለሚገኝበት አደጋ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በአማራ ክልል ከመቶ ሰማንያ ሁለቱ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ሲሆን፣ በዚያው ክልል ውስጥ ባለው በደቡብ ወሎ ዞን ግን ከመቶ ሰባው ሙስሊም ነው። መስከረም 21 ቀን የግማደ መስቀሉን በዓል ለማክበር ምእመናን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጡት በዚህ ምድር ነው። የመውሊድ መንዙማ የሚንቆረቆርበት ጀማ ንጉሥም እዚያው ወሎ ነው። በሐይቅ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረው ምድር ላይ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ከሐይቁ ማዶ የአዛን ድምፅ ይሰማል። ራሱ ሙሐመድ፣ አባቱ ገብረ ማርያም፣ አያቱ ደግሞ አሊ የሆነ ሰው በወሎ ማንንም አያስደንቅም። ያገር ሰው የሁለቱንም እምነት ዘመዶቹን በየበዓላቸው እየዞረ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ከፍቅር ብቻ የተገኘ ነው ማለት ግን እውነቱን ማጉደል ይሆናል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከጠሩ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ኢማም ሙሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የክርስትና አባት ሆኑላቸው። ትእዛዙን ያልተቀበሉ ብዙዎች ግን አገር ጥለው ተሰደዱ፤ ሼህ ጠልሐ ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማ ደግሞ ተከታዮቻቸውን ይዘው ተነሡ። ቀን ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ሌሊት የሚሰግድ ቤተሰብ የበዛው በዚያን ጊዜ ነው። ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ፤ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ተብለው በደሴ ዘውድ ጫኑ። ምኒልክን የተካው ልጃቸው ከሙስሊም ባላባቶች ጋር በጋብቻ ሲዛመድና መስጊድ ሲጎበኝ፣ ሰልሟል የሚል ክስ ቀርቦበት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ። ኢያሱ ያደረገው ከሙስሊም ወገኖች ጋር መወዳጀት ነበር፤ ያን ጊዜ በወሎ ጎጆዎች ውስጥ እንግዳ ያልሆነው ነገር በቤተ መንግሥት ዘውድ አሳጣ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና መጽሐፍ የጻፉት የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድም፣ የክርስቲያንና የሙስሊሙን ግንኙነት ሲመረምሩ፣ መከባበሩን ብቻ እያወሱ ግጭቱንና ጭቆናውን መዝለል እንደማይገባ አሳስበዋል። ማሳሰቢያቸው ለቤተሰብ ታሪክም ይሠራል። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የሙስሊም በዓላት በአገር ደረጃ አይከበሩም ነበር፤ ዒድ በሥራ ቀን ሲውል ሠራተኛው ቢሮ፣ ልጁም ትምህርት ቤት መዋል ነበረበት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእኩልነት ጥያቄ ያነሣው ታላቅ ሰልፍ ሲወጣ ከሙስሊሞቹ ጎን ብዙ ክርስቲያኖች አብረው ተሰልፈዋል። የእነዚያ ሰልፈኞች ጉርብትና ከቡና ስኒ አልፎ አደባባይ ደርሷል ማለት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላም ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ።

አሁን ወደ ማጀት እንግባ። የነገሩ ዋና ክፍል ያለው እዚያ ነውና።

የኦርቶዶክስ ክርስቲያኗ እናት ዓመቱን ሙሉ በጾም ትመላለሳለች። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ የነነዌ ሦስት ቀን አለ፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ይዘልቃል፤ የሐዋርያትና የነቢያት ጾምም ሲጨመር ከግማሽ ዓመት ያላነሰ ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከቤቷ ይርቃሉ። የሙስሊሟ ጎረቤቷ ጾም ሌላ መልክ አለው፤ ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት ውኃም አይቀመስም፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን የሐላል ሥጋውም ወተቱም ይፈቀዳል። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዴ ክረምት፣ አንዴ በጋ ይውላል። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች የየራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የአንዷን ጾም ሌላዋ በልቧ ይዛ ትዞራለች። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ለእትዬ እርጎ እንዳትልኪ ትላለች ሙስሊሟ ለልጇ። አሁን ጾም ላይ ናቸው፣ ቡናውን ከመግሪብ በኋላ እናፈላለን ትላለች ክርስቲያኗ።

በ2016 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ሰኞ፣ ገቡ። ያ ዓመት ለማጀት ጥሩ ፈተና ነበር። ዒድ አል ፈጥር ሚያዝያ 2 ቀን ረቡዕ ሲውል ክርስቲያኑ ገና በዐቢይ ጾም መካከል ነበር፤ ፋሲካ የመጣው ሚያዝያ 27 ነው። ሙስሊሟ ባለቤት የዒድ ዕለት ለክርስቲያን ጎረቤቶቿ አርዳ ልታበላ አትችልም፤ የክርስቲያን አራጅ ብታመጣም እንኳ ጾም ነው። ቅቤ የነካው ዳቦም አይሆንም። እንግዲህ የዒድ ማለዳ ቤቱ በበግ ወጥ ሽታ ታውዶ ሳለ በዘይት ብቻ የተሠራ ሽሮ ለብቻው ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ ቅቤ ባልነካው ምጣድ ዳቦ ይደፋል፤ እንግዳዋም ከቅዳሴ መልስ፣ ጾሟን በምትፈታበት ሰዓት ትጠራለች። ይህን የምታደርግ ሴት ክርስቲያን ለመሆን ቅንጣት ታህል አልተጠጋችም። የጎረቤቷን ጾም እንደ ሥርዓቱ ታውቀዋለች፤ ታከብረዋለች። ልጆቿም እያዩ ያድጋሉ፤ ትምህርቱ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው፤ መጽሐፍ የለው፣ ሰባኪ የለው።

በአገራችን ስለ መቻቻል በሚደረጉ ስብሰባዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች መከበራቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሥራውን በየቀኑ የሠሩት፣ ድስት የለዩት፣ የጾም ቀን የቆጠሩት፣ ለቅሶ ቤት የትኛው ምግብ ለሁሉም እንደሚሆን ያወቁት ሴቶች ናቸው። በሐዘን ቤት ሥጋ አይቀርብም፤ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ እንጀራ በሽሮ ነው የሚመጣው። የእህል ምግብ የሁለቱም እምነት ሰው ይበላዋል። ጀናዛው በዕለቱ ወደ መቃብር ሲሸኝ ክርስቲያኑ ጎረቤት ቀባሪ ሆኖ ይሄዳል፤ ሙስሊሙም በፍትሐት ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። እድሩ አንድ ነው፤ ድንኳኑና ወንበሩ ለማንም ሟች ይወጣል።

በሁለቱ አኗኗሮች መካከል ያለው ድንበር ሁሉ ግን የማይንቀሳቀስ አልነበረም። ቡናን እንውሰድ። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማገባደጃ ድረስ በብዙ ክርስቲያን ቤት ቡና መጠጣት የእስላም ወግ ተብሎ ይወገዝ ነበር። የዛሬዋ ክርስቲያን እናት ጠዋት ረከቦቷን ዘርግታ ጎረቤቶቿን ስትጠራ ቅድመ አያቷ ምናልባት ትሸሸው የነበረውን ወግ ነው የያዘችው። ሃይማኖቷ ግን አልተነካም። አንዳንዱ የእምነቱ መሠረት ነው የተባለ ነገር ጊዜ ሲያልፍ የልማድ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ በእርግጥ መሠረት ነው። ሁለቱን መለየት የአንድ ትውልድ ሥራ አይደለም፤ ችኮላም አይወድም።

ከምግብ ይልቅ የከበደው ጋብቻ ነው። በእስልምና ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ሴት ማግባት ይፈቀድለታል፤ ሙስሊም ሴት ግን ሙስሊም ያልሆነ ወንድ እንድታገባ አይፈቀድም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደግሞ ሥርዓተ ተክሊል ለመፈጸም ሁለቱም የተጠመቁ መሆን አለባቸው፤ ከእምነቷ ውጭ ያገባች ክርስቲያን ከቅዱስ ቁርባን ትርቃለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ያውቃል፤ የሃይማኖት ልዩነትንም እንደ መሰናክል አይቆጥርም። ሕጉ በሩን ከፍቶታል። ቤተሰብ ግን በሕግ ብቻ አይኖርም።

በወሎ የተደበላለቀው የቤተሰብ ሐረግ የተገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ተጋቢ እምነቱን ስለቀየረ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የምትቀይረው ሴቲቱ ናት። የባሏን ስም ለልጆቿ፣ የባሏን ጾም ለማጀቷ ትቀበላለች። የእናቷ ቤት በዓል ሲደርስ ትሄዳለች፤ ግን ከእናቷ ድስት አትበላም። እናትየው ለገዛ ልጇ እንደ እንግዳ ለብቻ ታሳርዳለች። ስለ ወሎ ፍቅር የሚነገረው ደስ የሚል ወሬ ይህችን እናት አይጠቅሳትም፤ ሊጠቅሳት ይገባ ነበር። የሁለት ቤት አንድነት የተሠራው እሷ በከፈለችው ዋጋ ነው፤ ስትከፍል ማንም አልጠየቃትም። ሞት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት እምነታቸው የተለያየ እንደሆነ በአንድ መቃብር ቦታ አያርፉም።

ወሎዬ ሴት ባሕር ተሻግራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቤት አየች። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለቤት ሠራተኝነት ከሚሄዱት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ናቸው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ ከዚያ አገር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከሄዱት ክርስቲያን ሴቶች በርካቶቹ በፓስፖርታቸው ላይ የሙስሊም ስም አስጽፈው፣ ማተባቸውን በጥሰው ወይም ደብቀው ተጉዘዋል። በሰው ቤት ውስጥ እየኖሩ ረቡዕና ዓርብን በልብ ብቻ መጾም፣ ስግደቱን አብሮ መስገድ፣ በእውነተኛ ስም የሚጠራ ሰው ማጣት፤ ይህ ከጎረቤት ጋር ተከባብሮ መኖር ከሚባለው ነገር ጋር ምንም አይገናኝም። እዚያ ቤት ለሷ የሚሆን ሁለተኛ ድስት የለም።

ሙስሊሟ ወሎዬም ብትሆን ያልጠበቀችውን ነገር ታገኛለች። እናቷ መውሊድ የምታከብር፣ ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ስብስብ ላይ ዱዓ የምታስደርግ፣ የደጋግ ሼኾችን መቃብር የምትዘይር ናት። አሠሪዎቿ ግን ይህን ሁሉ ቢድዓ፣ በሃይማኖቱ ላይ የተጨመረ ፈጠራ፣ ይሉታል። አንድ ቂብላ፣ አንድ ቁርኣን፣ ግን ፍጹም የተለየ የቤት አኗኗር። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ለእናቷ ወዳጃ አልቀመጥም የምትል ልጅ ጥቂት አይደለችም። ስለዚህ የተለያየ አኗኗር ያላቸው ቤተሰቦች ሲባል መስቀልና ጨረቃ ብቻ በዓይናችን ሊመጣ አይገባም፤ ልዩነቱ በአንዲት እናትና በአንዲት ልጅ መካከልም ይወድቃል። እናቲቱም ልጅቱም ለአምላካቸው ታማኝ ለመሆን እየተጉ ነው፤ ክርክሩን የሚያሳምም ያደረገውም ይኸው ነው።

በከተማው ያለው ለውጥ ሌላ ነው። ከ1990ዎቹ ማገባደጃ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ነዋሪያቸውን ያገኙት በዕጣ ነው። በወሎ መንደር ጎረቤትህ የአያትህ ጎረቤት ልጅ ነው፤ ያንተን ጾም ሳትነግረው ያውቀዋል። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሁለት በሮች ግን ዕጣ ያገናኛቸው ናቸው። አንዱ የጎንደር ኦርቶዶክስ፣ አንዱ የስልጤ ሙስሊም፣ ከላይ ያለው የወላይታ ፕሮቴስታንት ሊሆን ይችላል። ንድፉን ያወጡት ሰዎች ለእርድና ለድግስ የሚሆን የጋራ ሕንፃ በየግቢው እንዲኖር ማሰባቸው የሚመሰገን ነው። ሕንፃው ግን ሥርዓቱን ይዞ አልመጣም። የፋሲካ ዋዜማ ማን መቼ ይረድ፣ የዒድ ጠዋት ማን ይቅደም፣ ደሙን ማን ይጠብ የሚለውን ነዋሪው ራሱ መማከር አለበት፤ ካልተማከረ ከዓመት ዓመት የሚሰፋ ቅሬታ ይፈጠራል።

ፕሮቴስታንት ቤተሰቦች የጨመሩት ጥያቄም አለ። በ1999ኙ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ አሥራ ስምንት በላይ ነበሩ። ጠላ አይጠጡም፤ ተዝካር አይበሉም፤ የጾም ቀን አይለዩም። ኦርቶዶክሷ ጎረቤት የአርባ ቀን ተዝካር ደግሳ ስትጠራቸው ሲቀሩ ይህ ንቀት ይመስላታል። እነሱ ደግሞ ሊንቋት አስበው አይደለም፤ እምነታቸው ስለማይፈቅድ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብለው በሯን አንኳኩተው፣ ተዝካሩን እንደማይበሉ ግን እንጨት ለመፍለጥ፣ ውኃ ለመቅዳት እንደመጡ ቢነግሯት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለቅሶ መድረስ ለሁሉም ይፈቀዳል።

ይህ ጎረቤትን የማወቅ ሥራ ሲቀር ምን እንደሚመጣ አይተናል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ሱቆች ተቃጠሉ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ ሙስሊም አባት የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። ቀብር፣ ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ትቶ የሚቆምበት ቦታ፣ የደም ቦታ ሆነ። እነዚህን ከተሞች ለዘመናት ያኖራቸው ጉርብትና ሐሰት ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን እናቶች የሠሩት ሥራ የሚይዘው ሰዎች በስም የሚተዋወቁበትን ሰፈር ነው፤ በስልክ ላይ የሚዞር ወሬ አንድ መንገደኛ ጎረምሳ ጆሮ ሲደርስ፣ የማንን ቤት ሊያቃጥል እንደተነሣ የሚነግረው እናት አጠገቡ የለችም።

ስለዚህ ልማድ ብቻ የነበረው አሁን በቃልና በጽሑፍ መያዝ አለበት። ልጆች ይጠይቃሉ፤ እኛ ለምን ከነሱ ሥጋ አንበላም ይላሉ። ቆሻሻ ስለሆነ የሚል መልስ ከአንዳንድ ቤት ይሰማል፤ ልጁን ዕድሜ ልኩን የሚጎዳ መልስ ነው። ሁሉም አንድ ነው፣ ልዩነት የለም የሚለውም ልጁን ከእምነቱም ከጎረቤቱም ያጎድለዋል። እነሱ በአምላካቸው ስም ያርዳሉ፣ እኛም በአምላካችን ስም፣ ስለዚህ እነሱ ሲመጡ ለነሱ እናሳርዳለን፤ ይህን የአምስት ዓመት ልጅ ይረዳዋል፤ ድስቱን ሲለዩ አብሮ ቢያቀብል ደግሞ ይበልጥ።

እድሮችም ሊያደርጉት የሚችሉት ተጨባጭ ነገር አለ። መተዳደሪያ ደንባቸው ስለ መዋጮና ስለ ቅጣት አንቀጽ በአንቀጽ ይዘረዝራል። የሙስሊምና የክርስቲያን ዕቃ ለየብቻ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ፣ የዓመቱ ጾምና በዓል በአንድ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ የጋራ ማረጃው ተራ በጽሑፍ ይውጣ የሚል አንቀጽ መጨመር የሚከብድ አይደለም፤ ዕቃውን ሲጠብቁ የኖሩት ሴቶችም በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው። እምነታቸው የተለያየ ባልና ሚስት ደግሞ በሕይወት ሳሉ እያንዳንዳቸው የትና በማን ሥርዓት መቀበር እንደሚሹ ጽፈው፣ በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች አስፈርመው ለእድራቸው ጸሐፊ ቢሰጡ፣ ልጆቻቸው በሐዘናቸው ቀን ከአባት ዘመድና ከእናት ዘመድ መካከል ቆመው እንዲፈርዱ አይገደዱም። ወረቀቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ የሚጻፈውም ሁለቱም ጤነኛ ሆነው፣ ቡና እየጠጡ ሳለ ነው።